ሮድስ ከእማዬ ጋር

ባለቤቴ ለዕረፍት ወደ ግሪኳ ደሴት ሮድስ እንሂድ ብላ ትኬት ስታፈላልግ፣ እናቴ ከፔታህ ቲክቫው ሳሎናችን ሆና «አውሮፕላን ለመዝናናትም ይሳፈሩታል እንዴ?» አለች። አልፈርድባትም። እሷ የተሳፈረችው አንዴ ብቻ ነው፤ በግንቦት 1991 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በዘመቻ ሰሎሞን፣ እኔን አዝላ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን። በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ወገን ከአዲስ አበባ ወጣ። እኔም ወታደር ሳለሁ ፈቃድ ሲሰጠኝ የማውቀው እንቅልፍ ብቻ ነበር፤ ማረፍ አልተማርንም።

አንዳንዱ «ገንዘቡን ጎንደር ላለው ዘመድ ላኩት» ይላል። እንልካለን፣ ሁሌም ልከናል። ግን ማረፍ ኃጢአት ነው ያለው ማነው? ሰንበትን የሰጠንስ ማን ሆነና! ሮድስ ላይ በ1577 የተሠራ ምኩራብ አለ፤ የደሴቲቱ አይሁዶች በሐምሌ 1944 ወደ ኦሽዊትዝ ተጋዙ። እዚያ ገብታ እንድትጸልይ ለእማዬም ትኬት ቆርጫለሁ።

«ባሕሩ ውስጥ ግን አታስገቡኝም» ብላለች።