‹‹ምርጡ ሶፍትዌር›› የሚባል ዕቃ ሶማሌ ተራም የለም

የሙዚቃ ሶፍትዌር ጦርነት ሰልችቶናል፡፡ ሁለት ቢት ሠሪዎች በተገናኙበት ካፌ ሁሉ የሚነሳው ክርክር አንድ ነው፤ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ወይስ ኪዩቤዝ? ሎጂክ ወይስ ኤብልተን? ነገሩ ሲጦፍ የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ስታዲየም የገቡ ይመስላል፡፡ አንዱ ‹‹ኤፍ ኤል የልጆች መጫወቻ ነው›› ይላል፤ ሌላው ‹‹ፕሮ ቱልስ ያልነካ ፕሮዲውሰር አይባልም›› ብሎ ይደመድማል፡፡ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፤ ሒሳብ ይከፈላል፤ ዘፈኑ ግን እንደጅምሩ ነው፡፡

እኛ የምንለው አጭር ነው፡፡ ‹‹ምርጡ የሙዚቃ ሶፍትዌር የቱ ነው?›› የሚለው ጥያቄ ራሱ የተበላሸ ነው፡፡ መጠየቅ ያለበት ‹‹እኔ ዘፈን የምሠራው እንዴት ነው?›› ተብሎ ነው፡፡ ይህን ሳይመልስ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው እግሩን ሳይለካ ጫማ የሚገዛ ሰው ነው፡፡ ጫማው ጣሊያን ሠራሽ ቢሆንም መላጡ አይቀርም፡፡

መርካቶ ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ የታወቀ መሆኑን ለአዲስ አበባ ልጅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፡፡ እስቲ እዚያ ሂዱና አንዱን ባለሱቅ ‹‹ምርጡ ካምቢዮ የቱ ነው?›› ብላችሁ ጠይቁት፡፡ መጀመሪያ ይስቅባችኋል፡፡ ቀጥሎ ‹‹ለምን መኪና?›› ይላል፡፡ ቪትዝ ናት? ዲኤክስ? ሞዴሏ ስንት ነው? ሞተሯስ? ማኑዋል ናት አውቶማቲክ? የተበላሸውን ዕቃ ፈታችሁ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ አገላብጦ ያየዋል፤ ካለው ዕቃ ጎን አስቀምጦ ያመሳስለዋል፡፡ የመርሰዲስ ካምቢዮ ውድም ጥሩም ነው፤ ቪትዝ ላይ ግን አይገጥምም፡፡ እዚያ ሰፈር ገንዘብ የሚያወጣው የሚገጥመው ዕቃ ነው፡፡ ስለ ፍሪሲዮን ይህን ያህል የሚያውቅ ከተማ የሙዚቃ ሶፍትዌር ሲሆን ለምን እንደሚጃጃል አይገባንም፡፡

ለነገሩ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የሆነ ሰው የአሠራር ልማድ ነው፡፡ ኪዩቤዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ለአታሪ ኮምፒውተር የተሠራ የሚዲ መሣሪያ ነበር፤ ከግራ ወደ ቀኝ በሚሄድ መስመር ላይ ዘፈኑን ክፍል በክፍል ለሚደረድር አቀናባሪ የታሰበ፡፡ ፕሮ ቱልስ በ1991 ሲመጣ ዓይኑ የነበረው በቴፕ ይቀዳ የነበረውን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ቀድቶ መቁረጥና መቀጠል ላይ ነው፡፡ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በ1997 ‹‹ፍሩቲ ሉፕስ›› ተብሎ ሲጀምር 16 ነጥቦችን እየነካኩ የከበሮ ምት መደርደሪያ ነበር፡፡ ኤብልተን ላይቭ ደግሞ በ2001 መድረክ ላይ ሉፕ እያነሱ እየጣሉ መጫወት ከሚወዱ ሙዚቀኞች እጅ ወጣ፡፡ ዛሬ ሁሉም የሁሉንም ሥራ ይሠራሉ፡፡ ጠባያቸው ግን አለቀቃቸውም፤ የሚያፈጥኗችሁም የሚያዘገዩዋችሁም በዚያው በጥንቱ ጠባያቸው ነው፡፡

እዚህ ጋ ሌላኛው ወገን ብቅ ይላል፡፡ ‹‹መሣሪያ ምንም አይደለም፤ ዋናው ችሎታ ነው›› የሚለው፡፡ ሲሰሙት ጥበብ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ስንፍና ነው፡፡ ብዙዎቹን ሶፍትዌሮች ገና ስትከፍቷቸው በደቂቃ 120 ምት ሞልተው፣ 4/4 ብለው፣ ስክሪኑን በእኩል ሸንሽነው ይጠብቋችኋል፡፡ ይህ የሌላ ሰው ሙዚቃ መነሻ ነው፡፡ የጎጃምና የጎንደር ጭፈራ የሚሄድበት ችክችካ አብዛኛውን ጊዜ በ6/8 የሚቆጠር ነው፤ ሦስት ሦስት እየሆነ ትከሻ የሚያስነሳው፡፡ ይህንን ምት በአራት በተሸነሸነ ፍርግርግ ላይ አስቀምጣችሁ ‹‹ኳንታይዝ›› የሚለውን ከተጫናችሁት፣ እስክስታው ወደ ወታደር ሰልፍ ይለወጣል፡፡ መፍትሔ የለውም አላልንም፤ ክፍፍሉን መቀየር ይቻላል፡፡ ግን ሁሉም እኩል አያቀሉላችሁም፡፡ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በአንድ ዘፈን ውስጥ የምት ክፍፍል መቀያየርን በቅጡ የተቀበለው በ2018 በወጣው 20ኛው እትሙ ነው፡፡

ቅኝቱም እንደዚያው ነው፡፡ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በፒያኖ ቁልፍ ሊመቱ ይችላሉ፤ ነገር ግን ክራር ደርዳሪው የሚቃኘው በጆሮው እንጂ 12 እኩል ቦታ በተከፈለ ስኬል አይደለም፡፡ ማሲንቆማ አንድ ጭራ ይዞ ጣት የሚንሸራተትበት መሣሪያ ነው፤ ውበቱ ያለው በሁለት ኖታ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው፡፡ እንግዲህ በዚህ ላይ ከ1997 ጀምሮ ዓለምን ያጥለቀለቀውን ኦቶ ቲዩን ቅኝቱን ሳትነግሩት፣ ፍጥነቱን እስከ ጥግ ወጥራችሁ ልቀቁት፡፡ ድምፃዊቷ እየጎተተች ያመጣችውን እንጉርጉሮ ቆራርጦ በየሳጥኑ ይከትላችኋል፡፡ ኤብልተን በ2024 ባወጣው 12ኛው እትም ሌላ የድምፅ ቅኝት ማስገባት ይቻላል፡፡ ክራር ለሚቀዳ ሰው ይህ አንድ ባሕርይ ከ500 ፕለጊን ይበልጣል፡፡ ለራፕ ቢት ሠሪ ደግሞ ምኑም ላይሆን ይችላል፡፡ መግጠም የምንለው ይህንን ነው፡፡

ስለ መግጠም ከተነሳ ኃይሉ መርጊያን እንጥራ፡፡ በአዲስ አበባ ሒልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር ሲጫወት ዙሪያውን ሙሉ ባንድ ነበረው፡፡ አሜሪካ ከቀረ በኋላ ባንዱ የለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 አልበም ሲሠራ ‹‹ባንድ ከሌለማ›› ብሎ አልተቀመጠም፤ የልጅነት አኮርዲዮኑን አንስቶ፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር ደርቦ፣ ምቱን ለድራም ማሽን ሰጥቶ ብቻውን ሠራው፡፡ ያ ካሴት በ2013 ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚ በድጋሚ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አገኘ፡፡ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳም በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ኮፈን ውስጥ ይዞ እየዞረ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር፡፡ አሠራሩ ሲለወጥ መሣሪያው ተለወጠ፡፡ የመርሰዲሱን ካምቢዮ አልተመኘም፡፡

ቅርብ ወዳለውም እንምጣ፡፡ ኤልያስ መልካ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለፈ፣ ቼሎ የሚጫወት ሰው ነበር፡፡ የቴዲ አፍሮን ‹‹አቡጊዳ›› አቀናብሯል፤ በገና ስቱዲዮን መሥርቷል፤ መስከረም 2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለየ፡፡ ዛሬ ሥራዎቹን እያነሳ የሚያለቅስ ሰው በየትኛው ሶፍትዌር እንደተሠሩ ሲጠይቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በሌላ ጥግ ደግሞ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ‹‹ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ›› ብለው በሰየሙት መንገድ የአገር ቤቱን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር አጋቡት፡፡ ከቼሎ ለሚነሳና ከተቆራረጠ ቅጂ ለሚነሳ ሰው አንድ ዓይነት ጠረጴዛ አይዘረጋም፡፡

አሁን ወደማያስደስተው ነገር፡፡ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ በፍላሽ ስለሚዞረው ክራክ፡፡ አውቀናል፤ ዶላር የለም፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የለም፡፡ ግን እስቲ እንተዛዘብ፡፡ የዚህ አገር ሙዚቀኞች ‹‹በሕገ ወጥ ቅጂ አለቅን›› ብለው ስንት ጊዜ ጮኸዋል፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ወጥቷል፡፡ ዘፈኑ ሲሰረቅ ‹‹ሌባ!›› ብሎ የሚጮኸው ልጅ የሠራበት ሶፍትዌር ራሱ የተሰረቀ ሲሆን ምን ይባላል? ይህ የሞራሉ ወገን ነው፡፡ የሥራው ወገን ደግሞ ይብሳል፡፡ ነፃ ስለመጣ አራቱንም ይጭናል፤ ሺህ ፕለጊን ይከምራል፤ አንዱንም አያውቀውም፡፡ ቫይረሱ አንድ ቀን ይነሳና የስድስት ወር ሥራውን ይዞበት ይሄዳል፡፡

ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ መልሱልን፡፡

አንደኛ፤ ዘፈናችሁ ከየት ነው የሚጀምረው? ከከበሮ ከሆነና በአራት አራት ቤት ቆርጣችሁ የምትደራርቡ ከሆነ፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ እጃችሁን ያውቀዋል፤ ‹‹የልጆች ነው›› የሚሏችሁን አትስሟቸው፡፡ ከማንጎራጎር፣ ከጊታር ወይም ከክራር ከሆነና ደጋግማችሁ ቀድታችሁ የተሻለውን የምትመርጡ ከሆነ፣ ሪፐር፣ ኪዩቤዝ ወይም ሎጂክ ይሻላችኋል፡፡ ቁርጥራጭ ድምፅ እየጣላችሁ ‹‹ምን ይመጣ ይሆን?›› ብላችሁ የምትፈልጉ ወይም መድረክ ላይ ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ኤብልተንን እዩት፡፡

ሁለተኛ፤ ላፕቶፓችሁና ቤታችሁ ምን ይችላሉ? ሎጂክ እ.ኤ.አ. በ2002 አፕል ከገዛው ወዲህ ለዊንዶውስ አይሠራም፤ ማክ የሌለው ሰው ስለ ሎጂክ የሚከራከረው ለነፍሱ ካልሆነ አይገባንም፡፡ በየጊዜው ኢንተርኔት ካላገኘሁ አልከፈትም የሚል ሶፍትዌር፣ መብራትና ኔትወርክ ተራ ገብተው በሚጠፉበት ሰፈር ጠላት ነው፡፡ ጥንት ዊንአምፕን የሠራው ጀስቲን ፍራንክል ያመጣው ሪፐር ለደካማ ኮምፒውተር ይራራል፤ ለማውረድ ትንሽ ዳታ ይበቃዋል፤ ለ60 ቀን ምንም ሳይቀነስበት ይሞከራል፤ የግለሰብ ፈቃዱም 60 ዶላር ነው፡፡ የኤፍ ኤል ሙከራ ጊዜ አይገድብም፤ ግን ያስቀመጣችሁትን ሥራ ሳትገዙት መልሳችሁ አትከፍቱትም፡፡ ይህን ሳያውቅ ሌሊቱን ያነጋ ስንቱ ነው! ርካሹን እትም ስትገዙም ድምፅ ይቀዳል ወይ፣ ስንት ትራክ ይፈቅዳል ብላችሁ ጠይቁ፡፡

ሦስተኛ፤ ሥራውን ለማን ታቀብላላችሁ? ግጥምና ዜማ የሚሰጣችሁ ጓደኛ፣ ሚክስ የሚያደርግላችሁ ስቱዲዮ ምን ይጠቀማሉ? ተመሳሳይ ከሆነ ቀለላችሁ፡፡ ካልሆነም ዓለም አልተገለበጠችም፤ እያንዳንዱን ትራክ ከአንድ መነሻ ነጥብ ጀምሮ ለየብቻው በዋቭ አውጥታችሁ ትሰጣላችሁ፡፡ ቴምፖውን መጻፍ አትርሱ፡፡

ከዚያ ሁለቱን ብቻ አስቀሩ፡፡ ያንኑ አንድ ዘፈን በሁለቱም ሞክሩት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት ስጡት፡፡ የትኛው ላይ ነው ዜማው ከአፋችሁ ሳይጠፋ መቅዳት የቻላችሁት? የትኛው ላይ ነው መመሪያ ቪዲዮ ስታዩ ያመሻችሁት? መልሱ በሳምንት ውስጥ ይለይላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን አጥፉትና ቢያንስ ለአንድ ዓመት በመረጣችሁት ተቀመጡ፡፡

ይህን ሁሉ የምንነታረከው ለሶፍትዌር ፍቅር ብለን አይደለም፡፡ ከአንድ ሚኒባስ ወርደን ሌላው ላይ ስንሳፈር ዘፈኑ የተቀየረ አይመስለንም፡፡ ከበሮው ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ ድምፃዊው የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ሳይቀር ያው፡፡ ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ነው ብለን አናምንም፤ አብዛኛው ልጅ ሶፍትዌሩ ሲከፈት ያገኘውን እንዳለ ተቀብሎ ስለሚጀምር ነው፡፡ ያልመረጣችሁት ነገር ሁሉ ሌላ ሰው የመረጠላችሁ ነው፡፡ ቴምፖውን ለሶፍትዌሩ አምራች፣ ምቱን ለሉፕ ሻጭ፣ ቅኝቱን ለኦቶ ቲዩን ከተዋችሁ በኋላ ሽፋኑ ላይ የምትጽፉት ስም የማን ነው?