የመስመር አለመቆረጥ የሲግናልን ደኅንነት አያረጋግጥም

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ተሻግሮ ለጥገና ወደ መርካቶ የሚወሰድ ራውተር ወይም ስዊች በመልቲሜትር ብቻ ሲመረመር፣ ውጤቱ አሳሳች ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ድምፅ ካሰማ መስመሩ ደኅና ነው ይባላል፤ ጥርጣሬው ወደ ቺፑ ይዞራል፤ ቺፑ ይቀየራል፤ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል። ይህ የምርመራ ልማድ ሊታረም ይገባዋል።

መልቲሜትር የተቆረጠን መስመር ያገኛል፤ ከዚያ አልፎ ስለ ፈጣን ሲግናል የሚናገረው የለም። የጊጋቢት ኤተርኔት በእያንዳንዱ ጥንድ ሽቦ በሴኮንድ 125 ሚሊዮን ምልክቶችን ያስተላልፋል። በዚህ ፍጥነት ወሳኙ የመስመሩ ኢምፔዳንስ ነው። 100 ኦም መሆን የሚገባው ጥንድ በአንድ ስፍራ ወደ 75 ኦም ቢወርድ፣ ከሚደርሰው ቮልቴጅ 14 በመቶ ያህሉ ወደ ኋላ ይንጸባረቃል።

የተሻለው ቅደም ተከተል ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ደኅንነቱ የታወቀ አጭር ኬብል ይሞከራል፤ ቀጥሎ የሲአርሲ ስሕተት ቆጣሪ ይነበባል። ከዚያም ፍጥነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት የሚሠሩት ሁለት ጥንዶች ብቻ ስለሆኑ፣ ግንኙነቱ ከተስተካከለ ፍተሻው አስቀድሞ በቀሪዎቹ ሁለት ጥንዶች መንገድ፣ ማለትም በትራንስፎርመሩና በሶኬቱ ብየዳ ላይ ያተኩራል። በርካታ የኤተርኔት ቺፖችም የሲግናሉን ነጸብራቅ ለክተው በኬብሉ ላይ ያለውን የጉድለት ርቀት የሚገምት መመርመሪያ በውስጣቸው ይዘዋል።

የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች ይህን ቅደም ተከተል በአማርኛ አዘጋጅተው ለጠጋኞች ቢያደርሱ፣ ሊድን የሚችል ቦርድ ከመጣል ይተርፋል።