ጠመንጃው ብቻውን አይወጣም

መቱ ላይ በሐምሌ ጃንጥላ ማዋስና ጃንጥላ መስጠት አንድ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ይመለስልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የኢሉባቦርን ዝናብ አያውቀውም፤ እስኪያባራ ድረስ ያዋሰውም የተዋሰውም ረስተውታል። ጃንጥላው ግን ከከተማው አይወጣም። አንድ ቀን ገበያ መሀል ከማታውቁት ሰው እጅ ላይ ታዩታላችሁ፤ እጀታው ላይ ያሰራችሁት ቀይ ክር እንኳ አልተፈታም። እኔ በዚህ ተቀይሜ አላውቅም። የማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ሁለት ጃንጥላዎች እኔም ቤት አሉ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ግን ጃንጥላ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ሞተር ብስክሌት ነው። ልጁ ስንት ዓመት ቆጥቦ የገዛት ናት። ማታ ማታ በጨርቅ ሲያሻሻት ያየ ሰው ሙሽራ የሚያሰናዳ ይመስለዋል። ባለፈው ሰሞን ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን ሳለ ፊቱ ጠቁሮ መጣና፣

«ጋሼ፣ ጓደኛዬ እንግዳ መጥቶበት ሶር ፏፏቴ ድረስ ሊወስደው ሞተሯን ለአንድ ቀን አውሰኝ አለኝ። እምቢ ብለው ይቀየመኛል፤ እሺ ብለው ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ይሻለኛል?» አለኝ።

መልሱን ወዲያው አልሰጠሁትም። የአባቴን ምንሽር ታሪክ ነገርኩት።

ምንሽሩ ለአባቴ የደረሰው ከአያቴ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ ራስ እምሩ መንግሥቱን ይዘው የተቀመጡባት ከተማ የእኛዋ ጎሬ ነበረች። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣሊያን ጎሬን ሲይዝ አያቴ ምንሽሩን ቅቤ አጠጥቶ፣ በቆዳ ጠቅልሎ ከቡና ተክል ሥር ቀበረው። ጠላት ወጥቶ ጉድጓዱ ሲከፈት ጠመንጃው አፈሙዙ አጠገብ የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰለ ዝገት ይዞ ተገኘ። ሰደፉም ተሰንጥቆ ስለነበር በመዳብ ሽቦ ተጠፈረ። እኔ ያወቅሁት እንደዚያ ሆኖ ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአልጋው በላይ ካለው ችንካር ያወርደውና ደጃፍ ቁጭ ብሎ በዘይት ጨርቅ ይወለውለዋል። ቃታውን ሲስብ እናቴ ከጓዳ ሆና «ልጆች አሉ እኮ!» ትላለች። እኛ ልጆቹ እንድንይዝ የሚፈቀድልን ዝናሩን ብቻ ነበር፤ እሱንም ባዶውን።

አንድ የነሐሴ ማታ፣ በቆሎው እሸት ሲይዝ፣ ጎረቤታችን በር ላይ ቆመ። ማሳው ከጫካው ጋር የተዋሰነ ነው።

«ጋሼ፣ ከርከሮው በቆሎዬን ጨረሰው። ወንጭፉንም ጣሳውንም ለምዶታል። ለሦስት ሌሊት ብቻ ምንሽሩን ያውሱኝ» አለ።

አባቴ ዝም አለ። ዝምታው ስለረዘመ እናቴ «ጎረቤት እኮ ነው» አለች። ያቺ ቃል ናት ምንሽሩን ከችንካሩ ያወረደችው። አባቴ ሦስት ጥይት ቆጥሮ ሰጠውና «ሦስት ጥይት ሰጥቼሃለሁ። ሦስት ጥይት ወይም ሦስት ቀለሃ ትመልስልኛለህ» አለው።

በሦስተኛው ሌሊት ጎረቤታችን ደክሞት ነበርና ማማው ላይ የሚስቱን ወንድም ተካ። ልጁ ጨለማ ውስጥ በቆሎው ሲንኮሻኮሽ ሰማ፤ ተኮሰ። ሲነጋ የተገኘው የሚያርስ በሬ ነው፣ ገመዱን በጥሶ ሌሊቱን እሸት ሲበላ ያደረ። የበሬው ባለቤት ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። የመጣው ወደ ተኳሹ ቤት አይደለም፤ ወደ ጎረቤታችንም አይደለም። በቀጥታ ወደ እኛ ነው። ማን ተኮሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የተጠየቀው የማን ጠመንጃ ነው የሚለው ነው። አባቴ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ በባዶ እግሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲሰማ አስታውሳለሁ። ሾላው ሥር ሦስት ቀን ተቀመጡ። የበሬውን ዋጋ ግማሹን ጎረቤታችን፣ ግማሹን አባቴ እንዲከፍሉ ተበየነ። የአባቴ ግማሽ የዚያን ዓመት ቡናችንን በላው።

ጎረቤታችን ጠመንጃውን ከሁለት ጥይትና ከአንድ ቀለሃ ጋር መለሰ። ሒሳቡ ልክ ነበር።

በዓመቱ ሌላ ሰው ለዚያው ጉዳይ መጣ። አባቴ እምቢም እሺም አላለም። «ጠመንጃው ብቻውን አይወጣም። እኔ አብሬው እመጣለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ካፖርቱን ደርቦ የሰው ማማ ላይ ያድር ጀመር። አንድ ሌሊት አስቸግሬው ተከተልኩት። እርጥብ ሣር ይሸታል፤ በሸክላ ስባሪ ላይ ፍም ተቀምጧል፤ ባለማሳው እሸት እየጠበሰ ያቀብለናል። ምንሽሩ በአባቴ ጉልበት ላይ ተጋድሟል። ሌሊት አጋማሽ ላይ ታች አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ባለማሳው ክርኑን ነካ ሲያደርገው አባቴ ምላጩን አልሳበም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ጮክ ብሎ አሳለ። የተንኮሻኮሸው ነገር ሮጦ ጫካ ገባ። ከርከሮ ይሁን በሬ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አባቴ ያን ሌሊት ያዋሰው ጠመንጃውን አልነበረም፤ እንቅልፉን ነበር።

ቋንቋችን ነገሩን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። በአማርኛ ገንዘብና እህል ይበደሩታል፤ ዕቃ ግን ይዋሱታል። የተበደርኩት ጤፍ ተበልቶ ያልቃል፣ የምመልሰው ሌላ ጤፍ ነው፤ ማንም ያንኑ ፍሬ አምጣ አይለኝም። የተዋስኩትን ግን ራሱን ነው የምመልሰው። በዚህ በእኛ አገር የሚነገረው ኦሮምኛም ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው፤ ዕቃ ሲሆን ኤርጊፈቹ፣ ገንዘብ ሲሆን ሊቄፈቹ ይላል። ከዚህ ደግሞ ሌላ አለ። ተዋሰ የሚለው ቃልና ዋስ የሚለው ቃል ሥራቸው አንድ ነው። ተዋሹ ዕቃውን ይዞ ሲሄድ አዋሹ ቤቱ ቁጭ ብሎ ዋስ ሆኗል ማለት ነው፣ ማንም ሳያስፈርመው። (አዋሽ ስል ወንዙ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። እሱም ቢሆን የያዘውን ሁሉ ሰጥቶ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ የሚቀር ነው፤ ስሙ ከምን እንደመጣ ባላውቅም ተስማምቶታል።)

ድሮ መንግሥትም ጠመንጃ ያውስ ነበር ማለት ይቻላል። ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ወታደር የመንግሥትን ጠመንጃ ይይዛል፣ ለዚያም መሬት ይሰጠዋል፤ አገልግሎቱ ሲቀር ሁለቱም ይመለሳሉ። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ያዥ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። መንግሥት ሲያውስ መዝገብ አለው፣ አለቃ አለው፣ መያዣ የሚሆን መሬት አለው። የእኔ አባት የነበረው ሦስት ጥይት መቁጠር ብቻ ነው።

ዛሬ የጠመንጃው ጉዳይ አያከራክርም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃዱን ከአንድ ሰው ስም ጋር አስሮታል፤ ለወዳጅም ለዘመድም ተላልፎ የሚሰጥ አይደለም። ከርከሮውም ቢሆን እንደ ድሮው ባለቤት የሌለው አይደለም፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ለሠርግ አንድ ሁለት ልተኩስበት፣ ለማሳ ልጠብቅበት እያለ የሚመጣ ዘመድ ቢኖራችሁ መልሱ አንድ ነው፤ አይሆንም። እናቴ «ጎረቤት እኮ ነው» ብትልም አይሆንም።

የሚያከራክረው የእህቴ ልጅ ሞተር ብስክሌት ነው። የዘመኑ ምንሽር እሷ ናት። የበሬው ባለቤት ለምን ወደ እኛ ቤት እንደመጣ የገባኝ ካደግሁ በኋላ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳነብ ነው። ሕጉ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ የነዳው ሰው ሌላ ቢሆንም፣ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። የሾላው ሥር ዳኝነትና የመጽሐፉ ዳኝነት የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። በስማችሁ የወጣ ሲም ካርድም እንደዚያው ነው። «ለሁለት ቀን ገንዘብ ላስገባበት» ተብሎ የሚጠየቅ የባንክ ሒሳብም እንደዚያው። ዕቃው ይሄዳል፣ ስማችሁ ግን ቤት አይቀርም፤ ተከትሎት ይሄዳል።

ልጁን ያልኩት ይህንኑ ነው። ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ኪሳራው ዕቃው ብቻ ከሆነ አውስ፤ ዕቃው ባደረሰው ጥፋት አንተ የምትጠራ ከሆነ አታውስ። ውድነቱን አትመልከት። የእናቴ ሹሩባ የተሠራባት የድሮ ጀበና ከምንሽሩ ባልተናነሰ የምትወደድ ነበረች፤ ለቅሶ ባለ ቁጥር ትሄዳለች፤ አንድ ቀን ጡቷ ተሰብሮ መጣች፤ እናቴ አንድ ሰዓት አዘነችና ሌላ ገዛች። በጀበና የተነሳ ሽማግሌ የተቀመጠበት ቤት አላውቅም።

ይህን ማለቴ ንፉግ ሁኑ ማለት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። መቱ በትውስት የቆመች ከተማ ናት። ቡና ሲለቀም ቅርጫቱ፣ ቀፎ ሲሰቀል ገመዱ፣ ድግስ ሲደገስ ብረት ድስቱ ከቤት ቤት ይዞራል። ከሁሉም የሚያስቀናኝ የዕድር አሠራር ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ጭልፋውን ሳይቀር ዕቃ ቤት ኃላፊው ቆጥሮ ያስረክባል፤ ሐዘንተኛው ወይም ደጋሹ ይፈርማል፤ አንድ ጭልፋ ከጎደለ ይከፈላል። በዚህ የሚቀየም ሰው አይቼ አላውቅም። ያው ሰው ግን እኔ ቤት መጥቶ መሰላል ሲዋስ «እስቲ እዚህች ላይ ፈርምልኝ» ብለው እስከ ዕለተ ሞቴ አያናግረኝም። ለዕድር የሚፈረም ለጎረቤት የማይፈረም ለምንድን ነው? ፊርማው ቢከብድ እንኳ የመመለሻውን ቀን መናገር ምን ይከብዳል? «እስከ እሑድ» ማለት ስድብ አይደለም።

እምቢ የምንልበት መንገድም መላ ያጣ ነው። «ተበላሽቷል» እንላለን፣ በማግስቱ ስንነዳው እንታያለን። «ቁልፉ ባለቤቴ ጋ ነው» እንላለን፣ ባለቤታችን በዚያው ሰዓት ሻይ ይዛ ትገባለች። የሚያስቀይመው ክልከላው ሳይሆን ውሸቱ ነው። አባቴ ከበሬው ጉዳይ በኋላ በምንሽሩ የተነሳ አንድም ሰው አልተቀየመውም፤ ያችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለሚናገር፣ ተናግሮም ካፖርቱን ስለሚያነሳ።

የእህቴ ልጅ ሞተሯን አላዋሰም። በተባለው ቀን ራሱ ነድቶ የጓደኛውን እንግዳ ሶር ፏፏቴ አድርሶ መለሰው። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሶ፣ ሸሚዙ በፍንጣቂው ርሶ ማታ ሲመጣ፣ «ጋሼ፣ ለካ እኔም ፏፏቴውን ካየሁት ቆይቻለሁ» አለኝ። ጓደኛው ተቀይሞ እንደሆነ ጠየቅሁት። ነዳጁን የሞላው እሱ ነው አለኝ።

እንግዲህ ስለ ማዋስ ይህን ያህል ካወራሁ የራሴንም ጉዳይ ላንሳ። መጽሐፍ አውሳለሁ፤ ከላይ ባልኩት ሕግ መሠረት ቢጠፋ የሚጠፋው መጽሐፉ ብቻ ነው። አንዱ ግን ያንገበግበኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ አብረው ተማርከው ወደ ጣሊያን የተጋዙበትን ዘመን የጻፉበት «ትዝታ» ነው። በእኛ አገር የተፈጸመ ታሪክ ስላለበት ጠርዙ ላይ በእርሳስ ብዙ ጽፌበታለሁ። ጎሬ ላይ አንድ ወዳጄ «በሳምንት እመልሳለሁ» ብሎ ወሰደው። አሁን እኔ ጋ የቀረው የመጽሐፉ ትዝታ ነው። ወዳጄ፣ ይህን ዓምድ እንደምታነብ አውቃለሁ፤ ስምህንም አልጠራሁም። የዚያኑ ቀን የያዝከውን ጥቁር ጃንጥላ አልጠይቅህም፣ እሱን ተወው። መጽሐፌን ግን ለመቱ በሚመጣ ሰው ላክልኝ።