«ገበጣ እንዲህ አይደለም»፦ የተጫዋቾች ቅሬታ ምን ይናገራል?

አንድ የስልክ ጨዋታ ሲወጣ የተጫዋቾች አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ በኮከብ ብዛት ይለካል። አምስት ኮከብ የሰጠ ወደደ፣ አንድ የሰጠ ጠላ ተብሎ ይመዘገባል። ገበጣን ለመሰለ ጨዋታ ግን ይህ መለኪያ ዋናውን ነገር ይጥላል። ደጀን ወይም ቢቸና ያደገ ሰው በስልክ የቀረበለትን ገበጣ አይቶ «ገበጣ እንዲህ አይደለም» ቢል፣ የሚናገረው ስለ ምርጫው ሳይሆን ስለሚያውቀው ሕግ ነው።

አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን እ.ኤ.አ. በ2018 ካወጣ በኋላ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የዶሮዋን ሩጫ ሕግ የሚያወጣው ሠሪው ብቻ ነው፤ ገበጣ ግን ከሠሪው በፊት ባለቤት ነበረው፤ ያውም ብዙ ባለቤት። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ባሳተመው ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ የሰበሰበው የአጨዋወት ዓይነት ከመቶ ይበልጣል። በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር ይቀመጣል? የሚዘራው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ካልሆነ ጉድጓድ ስትገባ ይቀጠላል ወይስ ይቆማል? መሬት ምሰው የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች በዚህ ላይ አስቀድመው ይስማማሉ፤ ባይስማሙም እየተከራከሩ ይጫወታሉ። ኮምፒውተር ግን የታዘዘውን ብቻ ስለሚፈጽም፣ ፕሮግራም ጸሐፊው አስቀድሞ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ሊወቀስ አይገባም።

የሕግ ለውጥ የሚያስነሣው ቅሬታ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የኒንቴንዶ «ማሪዮ ፓርቲ» አጫጭር ጨዋታዎችን በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚያሰባስብ ተከታታይ ሥራ ነው። በ2012 የወጣው ዘጠነኛው ክፍል ተፎካካሪዎቹን ሁሉ በአንድ መኪና አሳፈረ። ብዙ ነባር ተጫዋቾችን ያስከፋው የአጫጭሮቹ ጨዋታዎች ጥራት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ የሚጓዝበት ሕግ መቅረቱ ነበር። በ2018 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ፓርቲ» ለየብቻ መጓዝን መለሰ። የዚያ ቅሬታ ባለቤቶች ያሉትን በጽሑፍ አስቀምጠዋል። የገበጣው ቅሬታ ግን ከስልኩ አጠገብ በቃል ተነግሮ እዚያው ይቀራል፤ ጨዋታውን አጥርተው የሚያውቁት አዛውንቶችም ኮከብ ሰጪዎች አይደሉም።

ለውድድር አንድ ወጥ ሕግ ያስፈልጋል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ሆኖም የሰንጠረዥ ዕጣ መታወስ አለበት። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ላይ ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን የሚያሰልፉበት «ወረራ» የተባለ ምዕራፍ ነበር። ዓለም አቀፉ ቼዝ ሲተካው ወረራ ከጨዋታ ሜዳ ወጥቶ በጥናት ገጾች ላይ ቀረ።

ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ስለ ዲጂታል ገበጣ መጠይቅ የሚያዘጋጅ የድኅረ ምረቃ ተማሪ «ወደዱት ወይ?» የሚለውን ወደ መጨረሻ ቢያወርደው ይሻላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ተጫዋቹ የት እንዳደገ፣ ማን እንዳስተማረውና በየትኛው እርምጃ ላይ «ይህማ ስሕተት ነው» ብሎ እጁን ከስልኩ እንዳነሣ ነው። ከዚያ ስልኩ ይቀመጥና ጠጠር ይቅረብለት፤ ትክክለኛውን ዘርቶ ያሳይ።