ጊደሯን የሚያሳድግ ክለብ የት አለ?

ቅዳሜ ቀትር ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቡና ቤት የገባ ሰው፣ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ወጣት አያጣም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ባለ ባጃጁ፣ ከባንክ የወጣው ሠራተኛ፣ ሁሉም አንድ ጭንቀት ላይ ናቸው፦ ካፒቴን ማን ይሁን? የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ የሚዘጋው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ መጸጸት እንጂ መቀየር የለም።

ይህ ጨዋታ ለብዙ የጎጃም ወጣት ከመዝናኛ በላይ ሆኗል። ግን አንድ ባሕርይ አለው፤ ትዝታው አጭር ነው። 15 ተጫዋች በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ይገዛል፣ ነጥብ ይለቀማል፣ ግንቦት ሲደርስ ሁሉም ይፈርሳል። ነሐሴ ላይ ሁሉም ሰው ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ በ18 ዓመቱ ተስፋ የሚጣልበት፣ ግን ገና ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ዛሬ ጎል የሚያገባው ነው። ልጁ የዛሬ ሦስት ዓመት የዓለም ኮከብ ቢሆን፣ ቀድሞ ያየው ሰው የሚያገኘው "እኔ ብዬ ነበር" የማለት መብት ብቻ ነው።

አሜሪካኖች በቅርጫት ኳስ ፋንታሲያቸው ለዚህ ሌላ ዓይነት ውድድር አላቸው። ኪፐር ሊግ ይሉታል። (ኪፐር ሲባል እዚህ በረኛ አይደለም፤ ተጫዋችን ለከርሞ ይዞ ማቆየት ማለት ነው።) አሥር ወይም አሥራ ሁለት ጓደኛሞች ተሰብስበው የኤንቢኤ ተጫዋቾችን በየተራ ይመርጣሉ፤ አንዱ የመረጠውን ሌላው መያዝ አይችልም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም ነገር አይፈርስም። እያንዳንዱ የተወሰኑ ተጫዋቾችን፣ ሦስትም ሊሆን ይችላል አምስትም፣ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይዞ ይሻገራል። በብዙዎቹ ሊጎች ዋጋው ተጫዋቹ ከተመረጠበት ዙር ጋር የተያያዘ ነው። በ12ኛው ዙር ማንም ሳይፈልገው ያነሳኸው የ19 ዓመት ልጅ በዓመቱ ቢፈነዳ፣ ለከርሞም በዚያው በ12ኛ ዙር ዋጋ ያንተ ነው። ሌላው ሰው ለተመሳሳይ ተጫዋች የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ይከፍላል።

ሙሉ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ገና ያልበሰለ ልጅ ይዞ ተቀያሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ዛሬ ነጥብ ያስከፍላል። ያ ወንበር ላይ በየሳምንቱ አሥር አሥር ነጥብ የሚያመጣ የ31 ዓመት ሰው ሊቀመጥበት ይችል ነበር። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ልጁን ሲመለከቱ የሚያዩት ነጥቡን አይደለም፤ ስንት ደቂቃ ተሰለፈ፣ ቡድኑ ዘንድሮ ለዋንጫ ነው ወይስ ለነገ የሚሠራው፣ ከፊቱ የቆመው አንጋፋ ኮንትራቱ መቼ ያልቃል የሚለውን ነው።

ያኒስ አንቴቶኩንምፖን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 በ15ኛነት ሲመረጥ ቀጫጫ የግሪክ ልጅ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ ያስቆጠረው 6.8 ነጥብ ብቻ ነው። በሁለተኛው 12.7፣ በሦስተኛው 16.9፣ በአራተኛው 22.9 ደረሰ። በ2019 እና በ2020 የሊጉ ኮከብ ተባለ። ኒኮላ ዮኪች ደግሞ በ2014 በ41ኛነት ተመረጠ፤ ስሙ ሲጠራ ቴሌቪዥኑ የምግብ ማስታወቂያ እያሳየ ነበር። ዴንቨር ወዲያው አላመጣውም። አንድ ዓመት ሰርቢያ ውስጥ እንዲጫወት ተወውና በ2015 ወሰደው። ከዚያ ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ሆነ፣ በ2023 ዋንጫ አነሳ። ዴንቨር ያደረገው የኪፐር ሊግ ተጫዋቾች ስልካቸው ላይ የሚያደርጉትን ነው፤ በእውነተኛ ገንዘብና በእውነተኛ ልጅ ብቻ ይለያል።

ተስፋ ሁሉ ግን አይበቅልም። ማርኬል ፉልትስ በ2017 ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠ ልጅ ነበር፤ መወርወር የተሳነው ይመስል ሆኖ በ2019 ፊላደልፊያ አሳልፋ ሰጠችው። ጄምስ ዋይዝማን በ2020 ሁለተኛ ተመርጦ ጎልደን ስቴት ሳይጠቀምበት ሄደ። በተቃራኒው ቼት ሆልምግሬን በ2022 ገና ሳይጀምር እግሩ ተጎድቶ ሙሉ ዓመት አልተጫወተም፤ ትዕግሥት ኖሯቸው የያዙት ሰዎች በቀጣዩ ዓመት 82ቱንም ጨዋታ የተሰለፈ ተጫዋች አገኙ። ስለዚህ ብልሆቹ ወንበራቸውን ሁሉ በሕፃን አይሞሉም። አንድ ወይም ሁለት ቦታ ለነገ ይለያሉ፣ የቀረው ለዛሬ ነው።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ታጋሽ የሆኑት ከእኛ የተሻለ ጠባይ ስላላቸው አይደለም። ያው ሰው በፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ችኩል ነው፣ በኪፐር ሊግ ታጋሽ ነው። የለወጠው ሕጉ ነው። የጠበቀ ሰው የጠበቀውን እንደሚያገኝ ሕጉ ዋስትና ሰጥቶታል። እውነተኛው ኤንቢኤም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ጀማሪ ኮንትራቱ እስከ አራት ዓመት ይዘልቃል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የመቀጠል ምርጫም የክለቡ ነው። ክለቡ የሚያሳድገው ልጅ በማግስቱ ጎረቤት እንደማይወስድበት ያውቃል።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። የአገራችን የእግር ኳስ ክለቦች የሚጫወቱት የትኛውን ነው? መልሱን ለማወቅ ሐምሌን መጠበቅ ይበቃል። አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልል ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ ዝውውር ይከፈትና ያለቀላቸው ተጫዋቾች በአንድና በሁለት ዓመት ውል ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ይዞራሉ። አሰልጣኙ ሁለት ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ ስንብቱ ይጻፋል። እንዲህ ባለ ወንበር ላይ የተቀመጠ አሰልጣኝ የ17 ዓመት ልጅ አሰልፎ ስሕተቱን እንዲሸከም መጠበቅ ግፍ ነው። ልጁ ሲበስል እሱ እዚያ አይኖርም። ፍሬውን የሚበላው ሌላ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን ብዙ ተወራ። ወሬው ሁሉ ግን ላደገ ተጫዋች ምን ይከፈል የሚል ነበር። ልጁን ያሳደገው ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ያን ያህል ቦታ አላገኘም።

"ተስፋ ቡድን አለን እኮ" የሚል ክለብ አይጠፋም። አለ፤ ግን ስንቱ ተስፋ ቡድን ነው ለዋናው ቡድን በየዓመቱ አንድ ሁለት ልጅ የሚሰጠው? እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይላል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የእንግሊዝ ሊግ ሊጀምር አንድ ሳምንት ገደማ ነበር የቀረው። ቡድናቸውን አስቀድመው የመዘገቡ የክልሉ ወጣቶች ለወራት ሊነኩት አልቻሉም። የተጎዳው ተጎድቶ፣ የተሸጠው ተሸጦ፣ ካፒቴኑ ሳይቀየር ያ ቡድን በስማቸው ነጥብ ሲያጣ ከረመ። በዚያ ወቅት ከደረሰው ጋር ሲነጻጸር ይህ ኢምንት ነው፤ ማንም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስለ ፋንታሲ አላለቀሰም። ሆኖም ብዙ ተስፋ ቡድኖች ያንን ቡድን ይመስላሉ። ተመዝግበዋል፣ ስም አላቸው፣ የሚያያቸው ግን የለም። ይዞ ማቆየትና ረስቶ መተው ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ።

በሌላ በኩል አቡበከር ናስር አለ። ኢትዮጵያ ቡና ገና በለጋነቱ ይዞት፣ አሰልፎት፣ ጠብቆት በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ጎል አገባ። በ1993 ዓ.ም. ዮርዳኖስ ዓባይ ያስመዘገበውን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። በቀጣዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ከዚያ ጉዳት ደጋግሞ አስቀመጠው፤ ይህም የጨዋታው አካል ነው። ዋናው ነገር መጠበቁ ውጭ የሚሸጥ ተጫዋች ማፍራቱ ነው። ችግሩ፣ ይህን ስናነሳ ሁልጊዜ የምንጠራው ያንኑ አንድ ሁለት ስም መሆኑ ነው።

የጎጃም ገበሬ ይህን ነገር ያውቀዋል። ሣር የሌለው ባለ ጊደር፣ ሣር ላለው ሰው ጊደሯን በየርቢ ይሰጣል። ጊደሯ የባለቤቷ ናት፣ የምትወልደውን ግን ይካፈላሉ። ሣሩን የሚያበላው ሰው የሚደክመው የሰው ከብት ስለሚወድ አይደለም፤ ጥጃው ላይ ድርሻ ስላለው ነው። ድርሻ ባይኖረው ከክረምት በፊት ገበያ ባወጣት ነበር።

በዓለም እግር ኳስ የርቢ ሕግ አለ። ፊፋ አንድ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል ደንግጓል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ለእያንዳንዱ ዓመት ሩብ በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ደግሞ ግማሽ በመቶ። ሒሳቡን ወደ ደብረ ማርቆስ እናምጣው። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ በከተማው ክለብ ቢያድግና የሆነ ቀን በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ ክለቡ የሚያገኘው 2 በመቶ፣ ማለትም 20 ሺህ ዶላር ነው። ልጁ ወደ ውጭ ወጥቶ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ውሉን ሲፈርምም ለብቻው የሥልጠና ካሳ አለ። በታችኛው ሊግ ለሚንገዳገድ የከተማ ክለብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ግን ገንዘቡ የሚሄደው በመዝገብ ነው። ልጁ በየዓመቱ የት እንደተመዘገበ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ፣ ያሳደገው ክለብ እንዳላሳደገ ይቆጠራል። የእኛ አገር ልጅ እስከ 16 እና 17 ዓመቱ የሚያድገው ሜዳ ላይ፣ በበጎ ፈቃደኛ አሰልጣኝ እጅ፣ ያለ ምንም ወረቀት ነው። ከዚያ አንድ ክለብ ያየዋል፣ ያስፈርመዋል፣ መዝገቡም ከዚያ ቀን ይጀምራል። ኳስ ከኪሱ የገዛለት ሰውዬ በታሪኩ ውስጥ የለም።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ፤ ዕድሜ። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ የሚያስመረምረው ያለ ምክንያት አይደለም፣ እኛም ከዚህ ሐሜት ነፃ አይደለንም። የተቀነሰ ዕድሜ መጠበቅን ትርጉም ያሳጣዋል። 17 ነው የተባለው ልጅ 22 ከሆነ ተስፋ ሳይሆን የበሰለ ተጫዋች ነው፤ ከዚህ በላይ ላያድግ ይችላል። ለአንድ ዋንጫ ሲባል ዕድሜ የሚቀንስ አሰልጣኝ የእውነተኛውን የ15 ዓመት ልጅ ወንበር ነው የሚቀማው። እንዲህ ያለው ልጅ ጨዋታውን ትቶ ሄዶ ባጃጅ ሲነዳ ማንም አይቆጥረውም።

እንግዲህ ጥያቄው ለከተማው አስተዳደርና ለክለቡ አመራር ነው። ስታዲየም ይሠራ፣ አካዳሚ ይገንባ ማለት ቀላል ነው፤ ክልሉ ባለበት ሁኔታ ግን ሰሚ አያገኝም። የሚቻለው ከዚያ ያነሰ ነው። ከዋናው ቡድን ውስጥ ሁለት ቦታ ለተስፋ ልጆች ብቻ ይያዝ፣ አሰልጣኙም በውሉ ላይ ከውጤት ጋር በዚህም ይመዘን። በየቀበሌው ልጆች የሚያሠለጥኑ ሰዎች ከክለቡ ጋር የርቢ ውል ይኑራቸው፤ ልጃቸው ሲፈርም ድርሻቸው በጽሑፍ ይቀመጥ። ከሁሉ በፊት ደግሞ 12 ዓመት የሞላቸው ልጆች በትክክለኛ የልደት ምስክር ወረቀት በክለቡ ስም ይመዝገቡ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ኮምፒውተርና ወደ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የሚደረግ ምልልስ ነው። ዘንድሮ 12 የሞላው ልጅ 17 የሚሆነው ከአምስት በጀት ዓመት በኋላ ነው፤ የዘንድሮው ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል።