ፊደል እያለን



«አማርኛ ለኮምፒውተር አይመችም» የሚለው ሰበብ ዛሬም በየቢሮውና በባሕር ማዶ ወገኖቻችን ዘንድ ይሰማል። ከእንፍራንዝ እስከ ባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ስንቱ የአገሬ ሰው ኢሜይል ሲጽፍ አማርኛውን በላቲን ሆሄያት ይዘረግፈዋል! ጥፋቱ ግን የመሣሪያው አይደለም፤ የእኛው ነው።

ታሪኩን እንመልከት። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት በዩኒክስና በመሰሎቹ ላይ የሚሠራው ኢማክስ የተባለ ፕሮግራም 20ኛ እትሙን ሲያወጣ የግእዝን ፊደል ይዞ ወጣ። በኢማክስ ጽሑፍ ይረቀቃል፤ ኢሜይልም ይላካል፣ ይነበባል። ፊደላችንን ያሰናዳለት ናኦቶ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ነው። በላቲን ተጽፎ የመጣን አማርኛ ወደ ፊደል የሚመልስ፣ የሚላከውንም መልሶ የሚለውጥ ትእዛዝ ሳይቀር ተበጀለት። ባዕዱ ለፊደላችን የተጨነቀውን ያህል እኛ ባለቤቶቹ ተጨንቀናልን?

የራሳችን ሊቃውንትም አልተኙም። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» የተባለውን የአጻጻፍ ሥርዓት ነደፉ። ስሙ ተንኮልን ቢያስታውስም ሥራው ቅን ነበር። በዚያ ዘመን ኢሜይል ያለ ችግር የሚያደርሰው የእንግሊዝኛን ሆሄያት ብቻ ስለነበር፣ ለፊደሎቻችን ቁርጥ ያለ የላቲን አቻ ሰጧቸው፤ ትንሹ ‹ቲ› ለ«ት»፣ ትልቁ ‹ቲ› ለ«ጥ»። ስለዚህ ጽሑፉ ሳይዛባ ወደ ፊደል ይመለስ ነበር። ይህ ድልድይ ነው፤ በድልድይ ይሻገሩበታል እንጂ ጎጆ አይቀልሱበትም።

እኛስ? ሥርዓቱን ጥለን ልቅነቱን ወረስን። ልጅ ከባሕር ማዶ «ወንድሜ መጣ» ብሎ በላቲን ሲጽፍ፣ ተቀባዩ «ወንድሜ መታ» ብሎ ቢያነበው በማን ይፈረዳል? ከዚህ የከፋም አለ። ፊደል ቆጥራ ዳዊት የደገመች እናት በገዛ ልጇ ደብዳቤ ፊት ማንበብ እንደማይችል ሰው ትቆማለች። ልጇ የጻፈላት በእርሷው ቋንቋ ነው፤ የከለከላት ፊደሏን ነው።

«ላቲኑ ይፈጥናል» የሚሉ አሉ። ለጸሐፊው ይፈጥን ይሆናል፤ ድካሙን ግን የሚሸከመው አንባቢው ነው። «ፊደሉ ሲደርስ ሳጥን ሳጥን ይሆናል» የሚሉም አሉ። ይህ በአንድ ወቅት እውነት ነበር፤ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የየራሱ አቀማመጥ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ነገር ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን ከዓለም ጽሕፈቶች ተርታ አስገባው። ዛሬ በሊኑክስ ላይ ተንደርበርድን ወይም ኢቮሉሽንን የከፈተ ሰው፣ የአማርኛ መጻፊያውን በነፃ ጭኖ «ይድረስ ለውድ እናቴ» ብሎ ይጀምራል። ያ የጥንቱ «ሴራ» እንኳ ከመጻፊያዎቹ አንዱ ሆኖ ያገለግላል፤ ጣት ላቲኑን ይመታል፣ በመስኮቱ ላይ ፊደል ይወጣል። እንግዲህ ምን ሰበብ ቀረ?

የጣና ገዳማትን አስቡ። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ብራናዎች ላይ ከግሪክና ከዓረብኛ የተተረጐሙ ቃላት ሰፍረዋል። አባቶቻችን የባዕድን ሐሳብ በገዛ ፊደላቸው ጻፉ፤ እኛ የገዛ ሐሳባችንን በባዕድ ፊደል እንጽፋለን። እነርሱ ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ብርዕ ቀርጸው ነበር። ከእኛ የሚጠበቀው አንድ መጻፊያ መምረጥ ነው።

በኢማክስ ውስጥ የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የተደረደረበት አንድ መዝገብ አለ። አማርኛም በዚያ መካከል በገዛ ፊደሉ «ሠላም» ብሎ ተቀምጧል። መሣሪያው በፊደላችን ሰላም ብሎናል። በምን ፊደል ነው የምንመልስለት?