ስለ መኪና ባሌስትራ፤ ከፍታ ብቻውን ብርታት አይደለም

ሰው ለሥራው የሚገለገልበት መሣሪያ ሁሉ የተሠራበት ልክ አለው። ልኩን መለወጥ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ነገር ግን አንዱን ክፍል የለወጠ ሰው ከእርሱ ጋራ የተያያዘውን ሁሉ አብሮ መመርመር ይገባዋል። ይህም ጥንቃቄ ይልቁንም የሚያስፈልገው፤ በድንጋያማና በጭቃ መንገድ እንዲሄዱ ተብለው ከፍ ለሚደረጉት መኪናዎች ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1941 የተሠራው የዊሊስ ጂፕና በ1948 የወጣው ላንድሮቨር በፊትም በኋላም በባሌስትራ ላይ የቆሙ ነበሩ። በ1984 የወጣው ባለ 70 ቁጥሩ የቶዮታ ላንድክሩዘር ከባድ ዓይነትም እንዲሁ ነበረ፤ በ1999 የፊቱ በጥቅል ሞላ ቢለወጥም፤ የጭነቱ መኪና የኋላ እግር እስከ ዛሬ ባሌስትራ ነው። በኢትዮጵያ የገጠር መንገድ ይህን መኪና የማያውቅ የለም። ባሌስትራ ክብደትን ከመሸከሙም በላይ አክስሉን በቦታው አጽንቶ ይይዛል። ስለዚህ ባሌስትራን የነካ ሰው መሪንም ፍሬንንም መንካቱን ሊያውቅ ይገባዋል።

ብዙ ባለመኪናዎች ግን ወደ ጋራዥ ሲገቡ የሚጠይቁት ከፍታን ብቻ ነው። ሠራተኛውም ወፍራም ቅጠል ጨምሮ ይሰጣቸዋል። የአንድ ቅጠል ውፍረት እጥፍ ቢሆን፤ ርዝመቱና ስፋቱ ሳይለወጥ፤ ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ግትር የሆነ ባሌስትራ ድንጋይ ሲያገኝ አይታጠፍም፤ መኪናውን ያዘልላል እንጂ። ጎማውም መሬትን ካልረገጠ መሪና ፍሬን ከንቱ ናቸው። ግትሩ ባሌስትራ ጭነት ይችላል የሚሉ አሉ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት ለሚሸከም መኪና ቃላቸው እውነት ነው። ሰኞ ጭኖ ሄዶ ማክሰኞ ባዶውን ለሚመለሰው ግን መፍትሔው ሌላ ነው፤ ይኸውም ቀጫጭን ቅጠሎችን ማብዛትና ከባድ ጭነት ሲመጣ ብቻ ሥራውን የሚጀምር ረዳት ቅጠል ከሥር ማድረግ ነው።

የባሌስትራውን ጫፍ የሚይዘውን ማንጠልጠያ ማስረዘምም ሌላው የተለመደ ዘዴ ነው። ማንጠልጠያው በ10 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም መኪናው ከፍ የሚለው በ5 ያህል ብቻ ነው፤ አክስሉ ግን ከዝንባሌው ይዞራል። ከፊት ሲሆን መሪው ወደ ቀጥታው በራሱ መመለሱን ሊተው ይችላል፤ ከኋላ ሲሆን ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ አለልክ ታጥፎ ክሮቼራውን ይበላል። ይህን በብረት ሽብልቅ ማስተካከል ይቻላል።

ከዚህም የሚከፋ ስውር ነገር አለ። በብዙ የጭነት መኪናዎች ላይ የኋላውን ፍሬን እንደ ጭነቱ መጠን የሚመጥን መሣሪያ በሻሲውና በአክስሉ መካከል ተያይዞ ይገኛል። ሻሲው ከአክስሉ ሲርቅ ይህ መሣሪያ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። መሣሪያው እንደ አዲሱ ከፍታ ካልተስተካከለ፤ ሰው የተሞላ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ በጎደለ ፍሬን መውረዱ ነው።

የመገልበጥም ነገር አይዘነጋ። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 150 ሴንቲ ሜትር ያለው፤ የክብደቱም ማዕከል ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ መኪና ቢኖር፤ ማዕከሉ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል፤ በጠማማ መንገድ ሊገለብጠው የሚችለው ግፊት ከመቶ 12 ያህል ያንሳል።

እንግዲህ አስተዋይ ባለመኪና አስቀድሞ መኪናውን ዘወትር እንደሚጭነው አድርጎ ይጫን፤ በፊትና በኋላ አክስል ላይ ያረፈውን ክብደት ለየብቻ በሚዛን ይወቅ፤ የቅጠሉንም ብዛት በዚያው ልክ ይወስን። አሞርዛተሩና የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ለአዲሱ ከፍታ የሚበቁ መሆናቸውን ይመርምር። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋራ የሚያስሩት ቡሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞም በኋላ እንደገና ይጥበቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

የጋራዥ ሠራተኛም የተጠየቀውን ከፍታ ከመስጠቱ በፊት መኪናው ምን እንደሚጭንና በየት እንደሚሄድ መጠየቅ ግዴታው ነው። ባለመኪናው ከፍታውን በገዛ ፈቃዱ መርጧል፤ ከኋላ የተሳፈረው መንገደኛ ግን የመረጠው ነገር የለም፤ የባሌስትራውንም ቅጠል አልቆጠረም፤ ነፍሱን ለሁለቱ ሰዎች አደራ ሰጥቶ ተቀምጧል። መኪናን ከፍ የሚያደርግ ሁሉ ይህን አደራ አስቀድሞ ያስብ።